አባቴን ለምን ገደሉት?

ውድ መምህር ኦም፣

«ውድ» ያልኩት ለወጉ ነው። ዛሬ ከልቤ አይደለም፤ ከዚህ በታች ያለው ግን ሁሉም ከልቤ ነው።

ባለፈው ሳምንት የክፍላችን እትዬ ሚጃ ደወለችልኝ። ለሰባኛ ዓመት ልደትዎ ተማሪዎችዎ ተሰባስበው መጽሐፍ ሊያሳትሙልዎት ነው አሉ። እያንዳንዱ ሰው «ከመምህራችን ያገኘሁት የአጻጻፍ ምክር» ብሎ ጥቂት ገጽ ይጽፋል። «አንቺም ጻፊ እንጂ ሄሪም፤ ያለፈው አልፏል» አለችኝ። አልፏል? በማን በኩል ነው ያለፈው? በእኔ በኩል ሲያልፍ አላየሁትም። ቢሆንም እሺ አልኳት። ምክር ከተባለ እኔም የማዋጣው አለኝ።

በደህናው ልጀምር፤ ውለታ አልክድም። ከልብስ ንጽሕና ቤቱ በላይ ባለችው ክፍል፣ የካውያው እንፋሎት ከወለሉ ስር እየሞቀን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ያስተማሩኝ ነገር እስከ ዛሬ ይሠራልኛል። የመጀመሪያ ጽሑፌን ሳነብ ያሉኝን ያስታውሳሉ? «ስለ ዝናብ ሁለት ገጽ ጻፍሽ። ማን ነው የበሰበሰው?» አሉኝ። «ማንም» አልኩ። «እንግዲያው ዝናቡን አጥፊው!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አፍሬ መሬት ብትውጠኝ ብዬ ነበር፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው የማያበሰብስ ዝናብ ጽፌ አላውቅም።

ሌላም ነግረውኛል። ንግግር ስትጽፊ ምግብ እየበላ ላለ ሰው አንብቢለት፤ ማኘኩን ካቆመ ይቆይ፣ ማኘኩን ከቀጠለ ሰርዢው አሉኝ። እኔም ለአባቴ እያነበብኩ ስንቱን ሰረዝኩ። ሾርባውን ፉት ሲል በሰማሁ ቁጥር እስክሪብቶ አነሳለሁ። «ምነው ደግሞ ምን አጠፋሁ?» ይለኛል ምስኪን።

ሦስተኛው ምክርዎ ዝምታ ነበር። ጽሑፉ ሲተች የጻፈው ሰው ትንፍሽ አይልም። «መጽሐፍሽን የገዛውን ሁሉ ቤቱ እየሄድሽ ልታስረጂው ነው? አፍሽን ዝጊና ስሚ!» ይሉ ነበር። ዘጋሁ። እንዲያውም ትምህርቱ በጣም ስለገባኝ ካለፈው አዲስ ዓመት ጀምሮ ዘግቼ ኖርኩ። ዛሬ ግን ልከፍተው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር፤ ይህን የሚያነቡት የክፍላችን ልጆች እውነቱን ሰምተው አያውቁምና።

አባቴ ጉክ ፓንሱል ዕድሜውን ሙሉ ወደቡ አጠገብ ባለው የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ገላ አሺ ነበር። የከተማችን የጉንሳን ወንድ ግማሹ በእሱ እጅ ስር ተገላብጧል። ሻካራውን ጨርቅ እጁ ላይ አጥልቆ ያሻል፤ አንዱ ጎን ሲያልቅ ጀርባውን ጧ ጧ ያደርገዋል፤ ያ ማለት ዙር ማለት ነው። ባለቤቱ መታጠቢያ ቤቱን ሸጦ የመኪና ማቆሚያ ሊያስደርገው ሲል ለአባቴ በመዝጊያው ቀን ጠዋት ነው የነገረው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰውዬው ልብሱን አውልቆ መጥቶ አግዳሚው ላይ ተጋደመ። ለመጨረሻ ጊዜ ልታጠብ አለ። አባቴም አጠበው። አላጣደፈውም፣ አላሳመመውም፣ አንድም ቃል አልተናገረውም። ጧ ጧ አደረገው፤ ሰውዬው ዞረ።

እኔ ይህን ጻፍኩ። መጨረሻው ያ ነበር፤ ሰውዬው ዞረና የአባቴን ፊት አየ፣ አለቀ። አንድ ክረምት ሙሉ ደከምኩበት። ቀን የመኪና መንዳት አስተምራለሁ፣ ማታ ያንን አግዳሚ እጽፋለሁ።

ክፍል ውስጥ ሳነበው ምን እንዳሉ ላስታውስዎ። መነጽርዎን አወለቁ፣ ዓይንዎን አሹ፣ ከዚያ «ጥሩ ነው። ግን ማን ሞተ?» አሉ።

በደንቡ መሠረት ዝም አልኩ። እትዬ ሚጃ ናት የመለሰችልዎ። «መምህር፣ መሞት አለበት እንዴ?»

«ሚጃ፣ የጋዜጦቹ ውድድር ዳኞች አንድ ክፍል ሙሉ ወረቀት ተቆልሎላቸው ነው የሚያነቡት። ደክሟቸዋል፣ ርቧቸዋል። አንድ ሰው ሰው አጠበ ብለሽ ታስለቅሻቸዋለሽ? ሽማግሌው ቀዝቃዛው ገንዳ ውስጥ ሞቶ ይገኝ። ጠዋት፣ ውኃው ጸጥ ብሎ። ያኔ ያለቅሳሉ።»

«አባቷ እኮ በሕይወት አሉ!» አለች እትዬ ሚጃ።

«በሕይወትማ ሁላችንም አለን። ድርሰት ግን አይወጣንም።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከክፍል ስንወጣ ደረጃው ላይ ጠብቄ «መምህር፣ እንዳለ ነው የምልከው» አልኩዎት። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ግትር!» አሉኝ። ደስ ያለዎት መስሎኝ ነበር። እንዴት ያለሁ ሞኝ!

አሸናፊው በአዲስ ዓመት ጠዋት የሚታተምበትን የጋዜጦች የድርሰት ውድድር ደንብ በየዓመቱ ብርድ ሲገባ እየደጋገሙ ያስጠኑን እርስዎ ነዎት። በፖስታው ላይ የውድድሩን ስም በቀይ ጻፉ። አንድ ድርሰት ለአንድ ጋዜጣ ብቻ። ለሁለት የላከ ከሁለቱም ይሰረዛል፤ ስሙም ይበላሻል። እኔ ለአንድ ላክሁ።

ከጋዜጣው ስልክ ሲደወልልኝ መኪና ውስጥ ነበርኩ፤ ተማሪዬ ወደ ኋላ እየሄደች። «እንኳን ደስ ያለዎት፣ የዘንድሮው አሸናፊ እርስዎ ነዎት» ሲሉኝ ጮህኩ። ልጅቷ ደንግጣ ምሰሶውን ገጨችው። ማታ ለአባቴ ስነግረው ተነስቶ ኮቱን ለበሰ። «ወዴት ነው?» ስለው «ለደንበኞቼ ልነግራቸው ነዋ!» አለ። አብሯቸው ያረጀውን ሰው ሁሉ ቤት ለቤት እየዞረ በአዲስ ዓመት ጠዋት የሩዝ ቂጣ ሾርባ እቤታችን እንዲበሉ፣ ጋዜጣውንም አብረው እንዲያነቡ ጠራቸው።

በማግስቱ ያው ድምፅ እንደገና ደወለ። በዚህኛው ጊዜ ቀዝቅዟል። «ይህንን ድርሰት ለሌላ ጋዜጣም ልከውታል?»

«አልላክሁም።»

«በስምዎ ነው። አግዳሚው ያው፣ ባለቤቱ ያው። እዚያኛው ላይ ብቻ አባትየው ባለቤቱን ሳያጥቡ ገንዳ ውስጥ ሞተው ይገኛሉ።»

ማን እንደሆነ ለማወቅ ማሰብ አላስፈለገኝም። ወዲያው ለእርስዎ ደወልኩ። ያወራነውን ቃል በቃል አልረሳሁትም።

«መምህር፣ ልከዋል?»

«ለአንቺ ብዬ ነው ሄሪም። ያንቺ መጨረሻ የትም አያደርስሽም ብዬ ሰጋሁ። አንዱ ቢወድቅ አንዱ...»

«አሸንፎ ነበር እኮ!»

  «እንዴት ሊያሸንፍ ቻለ?» አሉኝ። አልተጸጸቱም፤ ተገረሙ። እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚያሳርረው እሱ ነው።

«ለጋዜጣው ደውለው እኔ ነኝ የላክሁት ይበሉልኝ» ብዬ ለመንኩዎት። «እሱማ አይሆንም። በዚህ ዕድሜዬ ስሜን?» አሉ። የእርስዎ ስም ስም ነው፤ የእኔስ የድስት ክዳን ነው? እኔ ራሴ ለጋዜጣው ነገርኳቸው፤ «ታላቅ መምህርዎን በዚህ ይወነጅላሉ?» ብለው ዘጉብኝ።

አዲስ ዓመት ጠዋት ጋዜጣው «ዘንድሮ አሸናፊ የለም» ብሎ ወጣ። እንግዶቹ ለመጥራት እንጂ ለመከልከል አይመቹም፤ መጡ። ሾርባቸውን አጎንብሰው በሉ። ማንም ስለ ጋዜጣው አልጠየቀም። አባቴ «ዘንድሮ ወረቀት አንሷቸው ነው» አለና ራሱ ሳቀ።

በተከታዩ ማክሰኞ እኔ ስቀር ክፍሉ ስለ እኔ ሲጠይቅዎት «ሄሪም ቸኮለች» ብለው አለፉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ውሸት እንኳን አልነበረም፤ ከውሸት የባሰ ነበር። ወሬው ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሆኖ ነው የደረሰኝ። አብሬያቸው የሩዝ ጠላውን ማክጎሊ የጠጣሁ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይሻገሩ ጀመር።

በሥራዬ ከተማሪው ጎን ስቀመጥ ከእግሬ ስር አንድ ፍሬን አለ። ልጁ ገደል ሊገባ ሲል እረግጠዋለሁ፤ ለዚያ ነው የሚከፈለኝ። መሪውን ቀምቼ ግን አልነዳም፣ ፈተናውንም በስሙ ገብቼ አልፈተንለትም። እርስዎ ስንት ዓመት አስተምረው ይህቺን አለማወቅዎ ያናድደኛል። የሰውን ጽሑፍ መንቀፍ ይቻላል፣ መቅደድም ይቻላል። ሰው ያልጻፈውን በስሙ መላክ ግን ማስተማር አይደለም፤ ሌላ ስም አለው።

ያችን የእርስዎን መጨረሻ ቆይተው ልከውልኝ ነበር፤ «ተናደሽም ቢሆን አንብቢያት፣ ውብ ናት» ብለው። አባቴ አገኛት። መነጽሩን አድርጎ መስኮት ስር ተቀምጦ አነበባት። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ።

«ሞትኩ?» አለኝ።

«አባባ፣ እኔ አይደለሁም የጻፍኩት።»

«አውቃለሁ። ያንቺን አንብበሽልኛል፤ ሾርባዬ እስኪቀዘቅዝ።» ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠው፣ ጀርባውንም አየ፣ የቀረ ነገር የሚፈልግ ይመስል ነበር። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እኔ ከሞትኩ በኋላ ሰውዬውን ማን አጠበው?»

 እርስዎ መልስ አለዎት? ያ ሰው አግዳሚው ላይ ተጋድሞ እየጠበቀ ነው መምህር። አባቴን ገድለው እሱን ረስተውታል። ያንን ሰው ሳይታጠብ ትተው አባቴን ማንም ያልጠየቀውን ሞት አልብሰው ላኩት፤ እኔ አሁን ይህንን እንደ ትችት ልንገርዎት፣ ደንቡ ነውና ትንፍሽ አይበሉ። መግደል ቀላል ነው። ሰው ሲጨንቀን የምንወጣበት የጓሮ በር ነው። ከባዱ ሰውየው በማግስቱ ተነስቶ ፊቱን ታጥቦ ሥራ የሌለው ቀን ሲጀምር መጻፍ ነው። አባቴ እንደዚያ ብዙ ጠዋት ተነስቷል፤ አንዱንም ጠዋት አላዩለትም።

የእኔ ምክር እንግዲህ ይኸው ነው፤ በሌሎቹ መካከል ይግባ። የሰው መጨረሻ የሰውየው ነው።

ስለ መጽሐፉ ይህንን ይወቁ። ደብዳቤውን ለእትዬ ሚጃ አስቀድሜ አንብቤላታለሁ። እራት እየበላች ነበር፤ ማንኪያዋ ሳህኑ ላይ ቀረ። «እንዳለ አስገባዋለሁ፤ አንድ ፊደል አይነካም» አለችኝ። ድግሱ ላይ ገጹን ሲገልጡ ሁሉም እያነበበው ይሆናል። ከዚያ በፊት ተነስተው እውነቱን በአፍዎ ለመናገር ጊዜ አለዎት፤ እስከዚያ ድረስ መጨረሻው የእርስዎ ነው።

ይህንን ስጽፍ አለቀስኩ፤ አልደብቅዎትም። ያቺ የእንፋሎት ክፍል ትናፍቀኛለች። እርስዎም ይናፍቁኛል፤ ይህ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያናድደኛል። አባቴ ንዴቴን አይቶ «አምጪልኝ ያንን መምህርሽን። ሰባ ዓመት የሞላው ጀርባ ብዙ እድፍ አለው፤ በነጻ አሻዋለሁ» አለኝ። እሱ እውነቱን ነው፣ ያደርገዋል። ያባረረውንም ሰው አጥቧል።

እኔ ግን አባቴ አይደለሁም። አላጥብዎትም።

ጉክ ሄሪም
ጉንሳን