አባባ ጉም ያሉት ቴሌቪዥን

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ወንድሙ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የሺመቤትስ፣ ወገቧን ተሻላት? ቤቲስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? የሐዋሳ ሙቀትስ እንዴት አድርጓችኋል? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ሰብለም ልጆቹም ደህና ናቸው። አባባ ግን ደህና ብቻ አይደሉም፣ ከኔም ካንተም የተሻሉ ናቸው። እሱን ልነግርህ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ለምን አልደወልክም እንዳትል። ስደውል «ቆይ፣ ቆይ ኤርጎ» ትለኛለህ፣ ከዛ ስብሰባ ትገባለህ። ወረቀት ግን አፉን ቢይዙት ዝም አይልም። ጎረቤታችን በእምነት በነገው መኪና ስለሚመጣ በእጁ ልኬዋለሁ፣ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ነገሩ የቴሌቪዥን ነገር ነው። ያቺን ባለ ትልቅ ሆድ ቴሌቪዥን ታውቃታለህ፣ አንተ አዲስ ስትገዛ ለኛ የላክሃትን። ለኛ መቼም ያንተ አሮጌ ነው የሚደርሰን፣ ኮትህም እንደዛው። ጣቢያዎቹ አንድ በአንድ ወደ ኤችዲ ሲዞሩ ግማሹ ጠፋ፣ የቀረውም ነጭ ዝናብ ሆነ። ልጆቹ ያቤጽና ኤልዳና ኤችዲ ግዛ ብለው ጆሮዬን በሉት። እኔ ደግሞ፣ ታውቀኛለህ፣ ባጃጅ ተራ ቆሜ «ኤችዲ የነጋዴ ተንኮል ነው! ዘንድሮ ያስገዙህና ከርሞ አሮጌ ነው ይሉሃል!» እያልኩ ስንቱን ሰው ከመግዛት አስቀርቻለሁ። በኋላ ሰብለም ስታስቸግረኝ ዳልቻውን ወይፈን ሸጠን እንግዛ ብዬ ፈቃድ ጠየቅኩህ። ምን አልከኝ? «ቴክኖሎጂ ገና ይለዋወጣል፣ ቆይ። ደግሞስ ቤት የሚውሉት አባባ ናቸው፣ ለማያይ ሰው ኤችዲ ምን ያደርጋል?» አልከኝ። ምን ላድርግ? በኛ በበና ሕዝብ ደንብ አባት ሲደክም ከብቱ በታላቁ ልጅ ቃል ነው የሚያድረው። እኔ በየወሩ ከብቱ ወዳለበት ወይጦ እየወረድኩ መዥገር ብነቅልም፣ ያላንተ ቃል ከበረቱ አንዲት ጭራ አትወጣም።

ባለፈው ማክሰኞ አባባን ለጉልበታቸው ሐኪም ቤት ወስጄ ስመለስ ዝናቡ ወረደብን። ባጃጁ ሕዝቅኤል ሱቅ በር ላይ አወረደን። ሕዝቅኤል ማለት ያ ቴሌቪዥን ሻጩ፣ ስንቴ ሌባ ያልኩት ሰውዬ። «ግባ እንጂ የገዢ ጠበቃው፣ ሌባ ቤት ዝናብ አይገባም» ብሎ ሳቀብኝ።

ግድግዳው ላይ ሰፊ ኤችዲ ተከፍቷል። ጋሼ፣ ምን ብዬ ልንገርህ! ከብት ነው የሚያሳየው፣ የየት አገር እንደሆነ እንጃ። አንዱ ወንዝ ዳር ይጠጣል፣ ሌላው ጥላ ስር ተኝቷል። ከአንዷ አፍ የተንጠለጠለችው ጠብታ! ጠብታዋ ውስጥ ደግሞ ሰማይ! ሽፋሽፍታቸው ይቆጠራል። ሣሩ እያንዳንዱ ለብቻው ነው የቆመው። ለካ እስከ ዛሬ ዓለምን በነጠላ ተሸፍኜ ነው ያየሁት አልኩ።

አፌን ከፍቼ እንደቆምኩ ከኋላዬ አባባ «ያቺ ቦቃዋ ታማለች» አሉ። ሕዝቅኤል ምን አሉ አባባ ቢል «አታመሰኳም። ሌሎቹ የተኙት ሁሉ መንጋጋቸው ይሄዳል፣ የሷ ቆሟል። ግራ ጆሮዋ ስር ደግሞ መዥገር አለ፣ ሁለት ነው» አሉ። ሕዝቅኤል ፊልሙን ከፍላሽ ነበር የሚያጫውተው፣ አቆመውና ወንበር ላይ ወጥቶ አፍንጫውን አስጠጋ። ሁለት መዥገር! ዝናብ ሸሽቶ የገባው ሰው ሁሉ ለማየት ተጠጋ። ሕዝቅኤል «አራት ወር ሙሉ በቀን አስር ጊዜ ሳየው አንድ ቀን አላየሁትም» አለ። ሰው ቴሌቪዥኑን ትቶ አባባን ማየት ጀመረ። እኔም።

ከዛ ነገሩ ገባኝ። ለፋሲካ የመጣህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? አባባ ደጃፉ ላይ ሲደናቀፉ አይተህ፣ ለካ ጉልበታቸው ነው፣ ያቺን ቴሌቪዥን እያሳየህ «አባባ፣ ይሄ ምን ይታይዎታል?» አልካቸው። ጉም አሉ። «አሁንስ?» ጉም። በዛች ጉም እኮ ነው ዓይናቸው ጠፋ ብለን ከብቱን ከእጃቸው ያወጣነው! ሐኪም እንኳ አላሳየናቸውም። እኔም አብሬህ ራሴን ነቅንቄያለሁ፣ አልክድም።

ባጃጅ ውስጥ «ለምን አያለሁ አላሉንም?» አልኳቸው። «ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ጠየቃችሁኝ። ጉም ነበር፣ ጉም አልኩ» አሉኝ። ከብቱን ስንወስድብዎስ ለምን ዝም አሉ ብላቸው «ፈልጋችሁት መሰለኝ። ልጅ ከፈለገ ምክንያት አያጣም» አሉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። አንተ ሐዋሳ ስላለህ ይሄን ቃል አልሰማኸውም። የሰማሁት እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው፣ ወይጦ እንውረድ አሉ፣ ወረድን። ከብቱን የሚጠብቅልን የአጎታችን ልጅ ደገፋ በረቱን ከፈተ። አባባ በትራቸውን ተደግፈው አንድ በአንድ እያዩ አሳለፉ። «ዳልቻው አይነካም፣ ዘር ነው። ያቺን ቀይዋን ሽጡ። ጡቷን አታዩም? ጥጃ ከጠባው ቆይቷል። እናንተ ዓይናሞች ወላድ ናት ብላችሁ ጨው ታልሳላችሁ!» አሉ። ደገፋ አንገቱን ደፋ። እኔ የት ልግባ? ላንተ ወላድ ናት ብዬ የነገርኩህ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ጋሼ፣ አሁን ፈቃድ እየጠየቅኩህ አይደለም። ከብቱ ወደ ባለቤቱ ተመልሷል። ቴሌቪዥኑንም በቀይዋ ዋጋ የሚገዙት እሳቸው ናቸው። ያንተን ነገር አልደበቅኳቸውም፣ ጋሼ ከርሞ ከዚህ የጠራ ይመጣል ይላል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። «የከርሞው ለከርሞ ሰው ነው። እኔ ያለሁት ዘንድሮ ነው» አሉኝ።

አንድ ነገር ግን አዘዋል። ቀይዋ ገበያ ከመውጣቷ በፊት ወንድሙ ራሱ መጥቶ የከብቱን ቃል በእጄ ይመልስልኝ ብለዋል። ገበያው የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ነው። ስብሰባ አለኝ እንዳትል።

የሺመቤትን እግዚአብሔር ይማርሽ በልልኝ። ቤቲን ግንባሯን ሳምልኝ። ሰብለ እጅ ትነሳለች፣ ማር አስቀምጣላችኋለች። ያቤጽና ኤልዳና አጎታችን መቼ ነው የሚመጣው እያሉ ነው። ደገፋም ከነቤተሰቡ ሰላም ብሏል። አባባ ሰላምታ አልላኩልህም። ስትመጣ፣ ፊትህን አይተው ይሰጡሃል።

ታናሽ ወንድምህ ኤርጎ
ጂንካ፣ ጥቅምት 2014 ዓ.ም.