የፊርማው ገንዘብና የአባዬ ቦሎቄ

ለውድ ወንድሜ ለትራቪስ፣

የአላስካ ብርድና ባሕሩ እንዴት ይዘውሃል? እኛ ክብሩ ይስፋ፣ ደህና ነን።

የነርስነት ፈተናዬን አለፍኩልህ! ሩቅ ያለው የቻርለስተን ከተማ ሆስፒታል ሁለት ዓመት ሊሠራ ለሚፈርምለት ሃያ ሺህ ዶላር ይሰጣል። የሰፈራችን ክሊኒክ የሚሰጠው አንድ ሺህ ብቻ ነው፤ ግን ለምሳ ቤት ደርሼ እመለሳለሁ። እዚሁ ፈረምኩ። አባዬ «አንቺ ሞኝ! ሁለት ዓመት ምን አላት?» እያለ ያ ከከሰል ማዕድን ጉድጓድ ያመጣው ሳል እስኪያቋርጠው ሳቀብኝ።

አሁን ሲጋደም ስለሚያፍነው የሚተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። «ለቴሌቪዥኑ ይመቸኛል» ይላል። የቦሎቄ ዘሩን ግማሽ ለከርሞ ሳያስቀር ዘርቶ አያውቅም አይደል? ዘንድሮ የዘሩን ማሰሮ እንዳለ ሰጥቶኝ «ሁሉንም ዝሪው» አለኝ። እኔ ግን አንድ እፍኝ ደብቄ አስቀረሁ።

መርከባችሁን በሰላም ያግባልን። የቦሎቄው አበባ ሳይረግፍ ናልን።

እህትህ ታቢታ