ነጭ አንሶላ የተሰቀለበት ቤት

እህት ዓለም፣

ከተለያየን ወዲህ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ዙሪክ ያለ ሐኪም ካላዳነሽ ማን ሊያድንሽ ነው? እኛ እስካሁን አለን። ተራራውም አለ፤ እየተናደ ወደ እኛ እየመጣ ነው እንጂ።

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ እንግዶች መጡብን። ከአራት ክልል መንግሥታት የተላኩ የአደጋ መከላከልና የፖሊስ ኃላፊዎች ናቸው። ልምድ ልውውጥ ይሉታል። የመንደሩ ጸሐፊ ሆኜ የማስጎበኛቸው እኔው ነኝ። ሰው በየት እንደሚወጣ፣ ከብት በየት እንደሚወርድ፣ ራዳሩ ተራራውን እንዴት እንደሚጠብቅ አስረዳለሁ፤ እነሱ ይጽፋሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ አይባችንን ይበላሉ። ለሁሉም ትምህርት ሆንን። ተራራውን ማቆም የሚችል ግን ከመካከላቸው የለም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ከሁሉ የወደዱልን አንሶላውን ነው። እንደምታውቂው ቤቱን ለቆ የወጣ ሰው በሩ ላይ ነጭ አንሶላ ይሰቅላል፤ ፖሊስም አንሶላ ያለበትን ቤት ሳያንኳኳ ያልፋል። አንዷ ኃላፊ፣ ሰው ቢዋሽስ ብላ ጠየቀችኝ። የእሳት አደጋ አለቃችን ሬቶ ቀደመኝና፣ "እመቤቴ፣ እዚህ አገር ሰው ትኬት ሳይቆርጥ ባቡር አይሳፈርም፤ በአንሶላ ይዋሻል እንዴ?" ብሎ አሳቃቸው። አራቱም ዘዴውን ወደየክልላቸው ሊወስዱት ተስማሙ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ ለእንግዶቹ ልምምድ አሳየን። ሳይረኑ ጮኸ፤ ብዙም ሳይቆይ በሩ ሁሉ ነጭ ሆነ። ሬቶ ወደ ቤታችን እየጠቆመ፣ "ኧረ አባትሽም ሰቅለዋል! ዘንድሮ ምን ነካቸው?" አለኝ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። የእኛ ቤት ጭስ ማውጫ ይጨስ እንደነበር ማንም ልብ አላለም።

እንግዶቹ ሲሄዱ በጓሮ በር ገባሁ። አባባ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለው ድንች ይልጣሉ። ምን እያደረጉ ነው ብላቸው፣ "አንሶላዬን ሰቅያለሁ። መንግሥት ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል?" አሉኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ አለቀስኩ።

ለሬቶ ልናገር ብዬ ነበር። ግን በጸደይ መንደሩን ለጊዜው ለቀን ስንወጣ የሆነውን አንቺም አይተሻል። ፖሊሶቹ ተሸክመው ሸለቆው ውስጥ ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ሲያስገቧቸው ምግብ እምቢ አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ እኔን እንኳ የለዩኝ ወደ ቤት ስንመልሳቸው ነው። አሁን እጄን ይዘው፣ "እዚያ ከምትሰጂኝ እዚሁ ይጫነኝ፤ ተራራው እንደሆነ ከልጅነቴ ያውቀኛል" ይሉኛል። ብናገር በዚያ ይሞቱብኛል፤ ዝም ብል በዚህ። አስቤ አስቤ ደከመኝ፣ እህቴ። መውጫ የለውም።

ዛሬ ጠዋት ቁርጡ ተነገረን። የፊታችን ዓርብ መንደሩ ይለቀቃል፤ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። ስለ አባባ አሁንም ለሬቶ አልነገርኩትም።

ልጄን፣ ፍሉሪናዬን፣ በፖስታ አውቶቡሱ ልኬልሻለሁ፤ ለሾፌሩ አደራ ብያለሁ። ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽም እሷው ነች። እኔና አያትሽ እንከተልሻለን ብያታለሁ። ማታ በር ከተዘጋባት አትተኛም። ወተት ስልባቦት ከያዘ አትነካም፣ አታስገድጃት። የእማማን ሹራብ ሻንጣዋ ውስጥ ከትቻለሁ፤ አሁን ይሰፋታል፣ ኋላ ይሆናታል። ትምህርት ቤት ስታስመዘግቢያት አሳዳጊ በሚለው ቦታ ያንቺን ስም አስገቢ፤ ለአሠራር ይቀላል።

ዓርብ ዕለት አትደውዪልን፤ መስመሩ ይጨናነቃል።

አባባ ሰላም ብለውሻል፣ መርቀውሻልም። እግዜር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ቤትሽ የልጅ ሳቅ አይጣ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ