ትንፋሿ ለሚቆራረጠው ልጄ የሪፈር ወረቀት ስለመለመን

የካቲት 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ደረትዎ አየር እንደ ልቡ እንዲስብ፣ እንቅልፍዎም በሰላም ጀምሮ በሰላም እንዲያልቅ ከልብ እመኛለሁ፤ በእኔ ቤት ሁለቱም ብርቅ ሆነዋልና።

እዚሁ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምረው መንበረ ነኝ። ስድስት ዓመት የሆናት ልጄ አየለች የሚጥል በሽታ ስላለባት ጤና ጣቢያዎ ፌኖባርቢታል የሚባለውን ክኒን ጀመረላት፤ መውደቋም ቆመ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሁንና ክኒኑ በእጥፍ ከተጨመረላት ወዲህ በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር ትተኛለች፤ ስትተኛም ትንፋሿ እየራቀ ሄዶ ይቋረጣል፣ ከንፈሯም ይጠቁራል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ይህንኑ ባመለክትዎ መዝገብ ገልጠው በዚህ ወር አንድም ጊዜ አለመውደቋን ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። እውነት ነው፣ የተኛ ሰው አይወድቅም።

2ኛ. ጤና ጣቢያው በዓል ባከበረበት ዕለት «በሽታን ድል የመታች ሕፃን» ተብላ መድረክ ላይ እንድትቀመጥ ስላደረጉልን ኮርተናል። ንግግርዎ ሲረዝም ወንበሯ ላይ አንቀላፋች፤ እርስዎም ጸጥታዋን እንደ ዲሲፕሊን ቆጥረው አስጨበጨቡላት። ጎረቤታችን አያ ቢያዝን ግን በሽታው የጣላት መስሏቸው ምነው ልጂቱ እያሉ ሮጡ፤ እንደ አገሩ ልማድም ክብሪት ጭረው ጢሱን አፍንጫዋ ሥር ያዙላት። ክፋት የላቸውም። በቀረቻት ጥቂት ትንፋሽ ላይ ጢስ ተጨመረባትና አንስቼ እየናጥሁ መለስኋት፤ ጭብጨባው ገና አላለቀም ነበር።

3ኛ. የመድኃኒቱ መጠን እንዲስተካከልላት ጎንደር ያለ ሐኪም ይያት ብዬ የሪፈር ወረቀት ስለምንዎ፣ ድል የመታችን ሕፃን ወደ ሆስፒታል መላክ ሪፖርቱን ያፋልሳል ብለዋል። ያለ ወረቀቱ ጎንደር ሄጄ ከሆስፒታሉ በር መልሰውኛል። ክኒኑን በገዛ እጄ ባቆም በሽታው ብሶ ይጥላታል፤ ብሰጣት ትንፋሿ ይጠፋል። ከድጡ ወደ ማጡ ሆነብኝ። ጓድ ኃላፊ፣ ጨንቆኛል፤ ልጄ በእጄ ላይ እያለቀች ነው። ከሁለቱ ሞት የትኛው ለሪፖርትዎ እንደሚስማማ በጽሑፍ ቢያሳውቁኝ ውለታዎን አልረሳም።

በትዕግሥትዎ ጽናት እጅግ የምደነቅ፣
አክባሪዎ መንበረ ላቀው

ማሳሰቢያ፦ ስለ እጅ ጽሑፌ መንጋደድ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የጻፍሁት ግራ እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ነው፤ ሦስት ጊዜም አቋርጬ ቀስቅሻታለሁ። እርስዎ ግን ስብሰባዎን እንዳያቋርጡ።