ሄመንን ከቲና ቤት አውጪልኝ

እትዬ ተረፈች፣ በማርያም ይዤሻለሁ፣ የዛሬን ብቻ እመኚኝ። ለፋሲካ ባርናባስ ልጄን ይመታታል ስልሽ «አንቺ ደግሞ ቅናትሽ ተነሳ» ብለሽ እንዳለፍሽኝ አሁንም እንዳታልፊኝ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ለመሆኑ አካም ጅርታ፣ ደህና ነሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ? እማዬስ? ባልሽ ኦቦ ኢተፋስ፣ ልጆቹስ፣ የወለደችው ላምስ? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ደህና ነኝ ግን አልልሽም።

ባርናባስ የሌሊት ጥበቃ አድሮ መጥቶ እንደተኛ ሄመን አለቀሰችበት፣ ተነስቶ በአንድ እጇ አንጠልጥሎ ወረወራት። ባሌ ነው ብዬ አልሸፍንለትም፣ በዓይኔ ነው ያየሁት እትዬ። ስጮህ ስልኬን ቀማኝና በሩን ቆልፎብኝ ልጅቷን ቡራዩ እህቱ ቲና ጋ ወሰዳት። ጎረቤቴ ሶፊ ናት በኋላ ሰብራ ያወጣችኝ። ቲና «ከአልጋ ወደቀች» ብላ ጤና ጣቢያ አደረሰቻት። ነርሷ ግን ይሄ እጅ ተጠምዝዞ ነው እንጂ የመውደቅ አይደለም ብላ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ደወለች፣ ከቢሮው አንዲት ሴትዮ ከፖሊስ ጋር መጣች። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እናትየው ናት፣ ቅናት ያሳብዳታል፣ ሰፈሩን ጠይቁ።» ሰፈሩ ደግሞ ያቺን ባለሱቅ ከእሱ ጋር ጠርጥሬ በሯ ላይ የሰደብኩበትን ቀን መች ይረሳል! እስኪጣራ ብለው ልጄን ለቲና ሰጧት።

ዛሬ ጠዋት ሴትዮዋ ይዛኝ ሄዳ አየኋት። እጇ ጀሶ ውስጥ ነው። ቲና ሹሩባ ሠርታታለች፣ እኔ የማልችለውን ቀጭን ቀጭኑን። ሲረግጡት የሚበራ ጫማ ገዝታላታለች። ከፍሪጅ እርጎ አውጥታ ስታጎርሳት «እማ ጨምሪልኝ» አለቻት፣ እኔ እዚያው ቆሜ! እኔ ሳጎርሳት እኮ ፊቷን ነው የምታዞረው። ዞር ስል በሩ ጋ የባርናባስ ቦት ጫማ፣ ጃኬቱም ተሰቅሏል። እዚያው ነው የሚተኛው! እሱን እንደመናገር እኔ ቲና ላይ ጮህኩ፣ «ያልወለድሽውን ልጅ እማ በዪኝ ትያታለሽ?» አልኳት። ቲናም ለሴትዮዋ «ይኸው፣ አየሽልኝ?» አለቻት። ሄመን ፈርታ ቲና ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች። ከእኔ ሸሽታ!

ውጪ ስለ ቦቱ ስነግራት ሴትዮዋ ቆም አለች። «ስትጮሂ አንቺን ማመን ይከብደኛል፣ እሱ እዚያ ካለ ግን ልጅቷ እዚያ መሆን የለባትም። ማቆያችን ሞልቷል። በአንቺ በኩል የሚወስዳት ዘመድ ካለ ነገ ጠዋት መታወቂያ ይዞ ቢሮ ይምጣ፣ ቤቱንም እናያለን» አለችኝ። አንቺን አልኩ። ሌላ ማን አለኝ?

እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄን ስጽፍም ይቆጠቁጠኛል። አንቺ ወተት አለሽ፣ የሚያጫውቷት ልጆች አሉሽ፣ አንቺንም እማ ትልሻለች። አውቀዋለሁ። ትበልሽ። ብቻ እሱ ከሚተኛበት ቤት ትውጣ።

እኔ ራሴ እንዳልመጣ ዛሬ ከሰዓት ለፖሊስ ቃሌን እሰጣለሁ። ቁጥርሽ ከስልኬ ጋር ሄዷል፣ በቃሌም አልያዝኩት። ለዚህ ነው ይሄን ደብዳቤ ቅቤውን ሸጦ ወደ እናንተ ጫንጮ በሚመለሰው ነጋዴ፣ በዱቤ እጅ የላክሁልሽ። ከጀርባው ያለው የሶፊ ቁጥር ነው፣ አብራኝ ናት።

ኦቦ ኢተፋን ጉልበታቸውን ስማለች በይልኝ። ልጆችሽን ኦዳንና ደቻሳን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለእማዬ የሄመንን እጅ ነገር እንዳትነግሪያት፣ ሎሚ ሰላም ብላሻለች ብቻ በያት።

ታናሽሽ ሎሚ
ሰበታ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017

እመጣለሁም በይ አልመጣም በይ፣ ብቻ ሳይመሽ ደውዪልኝ እትዬ።