እናታችንና ሳይቋረጥ የሚያዘው ድምፅ

እናታችን ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በምትገኝ ጠባብ ቤት ተወለዱ። ባቡር ባለፈ ቁጥር የመደርደሪያው ብርጭቆዎች ይንቃጨሉ ነበር፤ የትኛው በምን ድምፅ እንደሚጮኽ ገና በልጅነታቸው ለይተው ያውቁ እንደነበር ታላቅ እህታቸው ዛሬም ይመሰክራሉ።

መነኮሳይት በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ላቲንና ኦርጋን ተማሩ። ከሙዚቃ ትምህርት ቤት ከተመረቁ በኋላም እስከ ጡረታቸው ድረስ በሴቶች ትምህርት ቤት መምህርት ሆነው አገለገሉ። እዚህ ከተሰበሰባችሁት ብዙዎቻችሁ፣ እንዳታፍሩ ብለው ፊታችሁን ወደ መስኮት አዙረው አዘምረዋችኋል።

ከአባታችን ጋር የተገናኙት የትምህርት ቤቱ ቧንቧ የፈነዳ ጊዜ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው አባታችን ከእጅ መታጠቢያው ሥር ተጋድመው ሲያንጎራጉሩ ሰሟቸው። እናታችን በቤተ ክርስቲያን በሚመሯቸው መዘምራን ዘንድ ቴነር፣ ከፍ ያለውን የወንድ ድምፅ የሚዘምር ሰው፣ ጠፍቶ ስለነበር፣ ፊታቸውን እንኳ ሳያዩ ለልምምድ ቀጠሯቸው። በዓመቱ ተጋቡ፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሆንኩትን እኔንና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

ወንድሜ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አረፈ። እናታችን መዝሙር ተዉ። የቤታችን ፒያኖ የታጠበ ልብስ ማጠፊያ ሆነ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ልብሱን አንሥተው፣ ሰው ከጥልቅ ሆኖ ፈጣሪውን ለሚጣራበት የላቲን መዝሙረ ዳዊት አዲስ ዜማ ደረሱ። ድምፆቹ እየተጋጩ የሚሄዱ፣ ለጆሮ እንግዳ ዜማ ነበር። ኦርጋኑ የተበላሸ መስሏቸው ይቃኝ ብለው የመከሯቸው ነበሩ፤ መዝሙሩ ግን ጭራሽ ኦርጋን አልነበረበትም። መጨረሻው ላይ ሁሉም አንድ ድምፅ ይዘው ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ። አንዱ ሲተነፍስ ጎረቤቱ ይይዝለታል እንጂ ድምፁ እንዲቋረጥ አይፈቀድም። እናታችን ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ "ልጄን እየጠራሁት ነው፤ ዝም ካልኩ የተውኩት ይመስለዋል" ይሉ ነበር።

መጀመሪያ በቀረበበት ቀን ድምፁ ተቋረጠ። ያቋረጡትም ጎን ለጎን የቆሙት እናታችንና አባታችን ነበሩ። ስንት ዓመት አብረው ያደሩ ሰዎች ስለሆኑ፣ ሳያስቡት እኩል ተነፈሱ። እናታችን አለቀሱ፤ በሚቀጥለው ልምምድ አባታችንን ከረድፉ ጫፍ ወስደው አቆሟቸው። መዘምራኑ "ፈት ቴነር" የሚል ስም አወጡላቸው። አባታችን ቅሬታ ሳያሰሙ፣ እናታችን እስከታመሙበት ቀን ድረስ ከዚያ ጫፍ ዘመሩ። ድምፁም ዳግመኛ አልተቋረጠም።

እናታችን በሳንባ ሕመም ሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አረፉ። አባታችን ከአልጋው አጠገብ ነበሩ። እናታችን ሲተነፍሱ አብረዋቸው ይተነፍሱ ነበር፤ በመጨረሻም አባታችን ብቻቸውን ተነፈሱ።

ባለቤታቸውን፣ እኔን ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ሐዘናችን ከባድ ነው።

ዛሬ መዘምራኑ ይህንኑ መዝሙር ያቀርባሉ። አባታችን ከጫፉ ተነሥተው ወደ ቀድሞ ቦታቸው፣ ባዶ ከተተወው ከእናታችን ቦታ አጠገብ እንዲቆሙ ለምነዋል፤ ተፈቅዶላቸዋል። እኔም በሌላው ጎን እቆማለሁ።

እግዚአብሔር የእናታችንን ነፍስ ከልጃቸው ጋር ያገናኝልን። አባታችን ትንፋሽ ሲያጥራቸው እኛ እንይዝላቸዋለን።