የቤት ልጅ ያልሽው በርበሬ

ለትዳሬ ጌጥ ለወለተ ሥላሴ፤

ያለሽበትን ስፍራ የሚያውቅ አንድ እግዚአብሔር ነው። እኔ ግን ሕመምና ኀዘን በሌለበት እንዳሳረፈሽ አምኜ ይህን እጽፍልሻለሁ። ከተለየሽን ዓመት ሞላ፤ ሙት ዓመትሽንም ባለፈው ሳምንት አወጣን። በሕይወት ሳለሽ የዋልሁበትን ሳልነግርሽ አላድርም ነበርና፣ ዛሬም የቤታችንን ነገር ልንገርሽ። በግልጽ የምጽፈውም አንቺን የመሰሉ እናቶች በየቤቱ ስላሉ፣ ቢሰሙት ይጠቅማቸዋል ብዬ ነው።

ልጃችን ገነት በመርካቶ በርበሬ ተራ የነበረሽን መደብ ይዛለች። በአንቺው በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ጆንያዎቹ ግን ከእንግዲህ በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ አይቀመጡም፤ የእንጨት ርብራብ አሠርታ ከመሬት ከፍ አድርጋቸዋለች፤ ፀሐይ በወጣ ቁጥርም ተዘርግፈው ይናፈሳሉ። የልጅ ልጅሽ ማርታ ድክ ድክ ማለት ጀምራለች፤ የጉበት በሽታ መከላከያ ክትባቷንም ጨርሳለች። ገነትና እኔም ደማችንን ተመርምረናል፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። እኔ ከሰፈራችን ከሰባተኛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ታክሲውን ትቼ በእግሬ እሄዳለሁ። በማኅበር ቤት የሚቀዳልኝን አረቄም ባርኬ እመልሳለሁ። ወንድሞቼ ካህናት መርጌታ ታመመ ብለው ሊጠይቁኝ መጡ፤ ጤነኛ ሆኜ ሲያገኙኝ ግራ ተጋብተው ተመለሱ።

ወለተ ሥላሴ፣ እጆችሽ ከዓይኔ አልጠፉም። ዛላውን አንድ በአንድ እያነሳሽ፣ በብርሃን አገላብጠሽ፣ ቀንጥበሽ ታሸቺው ነበር። ቀዩና ጤነኛው ለገዢ ይሄዳል። የጠቆረው፣ ውስጡ ነጭ አቧራ የያዘው፣ ሽታው የከረረው ደግሞ ለብቻው ይቀመጣል። ሌላው ከደኅናው ጋር ቀላቅሎ ሲሸጥ አንቺ አንዲት ዛላ አልቀላቀልሽም። የእግዚአብሔርን በረከት መጣልም ነውር ነው ትይ ስለነበር፣ ያን የተለየውን በነጠላሽ ጫፍ ቋጥረሽ ወደ ቤት ታመጪዋለሽ። ጥሩው ለእንግዳ ነው፣ ይህኛው የቤት ልጅ ነው እያልሽ ትስቂ ነበር። ታጥቢዋለሽ፣ ታሰጪዋለሽ፣ ታምሺዋለሽ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አብዝተሽ ታስፈጪዋለሽ። በዚያ ወጥ ዕድሜያችንን በላን። ይጣፍጥም ነበር።

እነዚያው እጆች ለቤተ ክርስቲያን የመገበሪያ ስንዴ ሲለቅሙ ግን ሌላ ሕግ ነበራቸው። ኅብስቱ የሚጋገርበት ስንዴ ነውና፣ ነቀዝ የነካውን፣ የተሰበረውን፣ ትንሽ እንኳ የጠቆረውን ፍሬ ሳታመነቺ ታወጪው ነበር። በረከት መጣል ነውር ነው ስትይ በስንዴው ላይ ሰምቼሽ አላውቅም።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ። ዓይኖችሽ ቢጫ ሆኑ፣ ሰውነትሽ እየከሳ ሆድሽ ተነፋ። ጠበሉንም ሕክምናውንም አላስታጎልንም። ሐኪሙ ሕመምሽ የጉበት ነቀርሳ፣ ካንሰር የሚሉት፣ መሆኑን ነገረን፤ በደምሽ ውስጥም ለብዙ ዘመን ተሸሽጎ የኖረ የጉበት ቫይረስ እንዳለ ገለጠልን። ከዚያ ስለ ምግባችን ይጠይቅ ጀመር፤ እህሉ የት ይከማቻል፣ ለውዝ ትበላላችሁ ወይ፣ በርበሬውስ እንዴት ይቀመጣል እያለ። አንቺም እንደ ልማድሽ ሳትደብቂ የቤት ልጁን ነገር አወጋሽው። እርሱም ዝቅ ባለ ድምፅ አስረዳን። የአንድን ሰው ካንሰር በዚህ መጣ ብሎ መማል አይቻልም። ነገር ግን በሻገተ በርበሬ፣ በሻገተ ለውዝና በቆሎ ላይ የሚያድር መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ቫይረሱ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይበረታል። ያንን መርዝ ማጠብ አይወስደውም፣ ምጣድም አያቃጥለውም፣ ወፍጮም አያጠፋውም።

እርሱ ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሽ።

«የደንበኞቼስ? ለእነሱ የሸጥሁት ንጹሑን ነው አይደል?»

ንጹሑን ነው አልንሽ። ደስ ብሎሽ ራስሽን ወደ ትራሱ መለስሽ። ስለ ራስሽ አልጠየቅሽም። ያን ቀን ያየሁት ፊት ሲያጽናናኝም ሲያቃጥለኝም ዓመት ከረመ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሙት ዓመትሽ ሲቃረብ ገነት ከጓዳ ትልቁን ክዳናም ጣሳ አወጣች። ከመታመምሽ በፊት ያዘጋጀሽው የመጨረሻው በርበሬ ነበር፤ ከዚያው ከቤት ልጁ ያስፈጨሽው። ለሙት ዓመትሽ ወጥ ልትሠራበት እስከዚያ ቀን አልነካችውም ነበር። እኔ አይሆንም አልሁ። የሐኪሙን ቃል አስታወስኋት። እርሷም ዓይኗ እንባ ሞልቶ «አባባ፣ ሐኪሙ ራሱ በዚህ ነው ብሎ አልማለም። የእናቴን እጅ አልጥልም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አልማለም። ከዚያ በኋላ ምግቤን አቅርባልኝ ሳትናገር ትሄድ ጀመር። እኔም ብጫናት ከእናቷ ሁለተኛ የምለያት መሰለኝ፤ ዝም ብላት ደግሞ ከዚያ ጣሳ ለቀስተኛው ሁሉ፣ ማርታም ጭምር ሊበሉ ነው።

ጎረቤትሽን ሐጂ ሰይድን ታውቂያቸዋለሽ፤ ከመደብሽ አጠገብ ለውዝና ቅመም የሚሸጡትን። እርሳቸውም ያንቺን ነገር ከሰሙ ወዲህ የሻገተ ለውዝ በጆንያ ያስወግዳሉ፤ የተራው ነጋዴ እየሳቀባቸውም ግድ የላቸውም። ችግሬን ባዋያቸው «መርጌታ፣ ያን ሁሉ ደቀ መዝሙር አስተምረው አንዲት ጣሳ አቃተችዎ?» ብለው ቀለዱብኝ። ቀልዱ አልለቀቀኝም። እውነትም ልጄን ከለከልኋት እንጂ አላስተማርኋትም ነበር።

በማግሥቱ ገነት ሰፌድ ይዛ የመገበሪያ ስንዴ ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥሁ። ያንቺን ሥራ በዚህም ወርሳለች። እጇንም እመለከት ጀመር። አንዲት የጠቆረች ፍሬ አንስታ ስትጥል፣ ለምን ጣልሻት አልኋት። ተገርማ ለቤተ መቅደሱ አይሆንማ አለችኝ።

«ሐዋርያው የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ ናችሁ ያለው እኛን አይደለም ወይ? ማርታስ የማን ቤተ መቅደስ ናት?»

አልኋት። ገነት ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። ከዚያም ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባችና ጣሳውን ታቅፋ ወጣች። ክዳኑን ከፍታ ለረጅም ጊዜ አሸተተችው፤ ሽታው ያንቺ ሽታ ነበርና እኔም ፊቴን አዞርሁ። ላቃጥለው ብዬ ሐጂን ባማክራቸው፣ መርካቶን በሙሉ ሊያስነጥሱ ነው ወይ ብለው አስተዉኝ። ስለዚህ በጓሮ ባለችው ጠባብ መሬት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። ገነት ስታለቅስ፣ ቅዱስ ቁርባን እንኳ ለነገ እንደማይቀመጥ፣ በዚያም ክብሩ እንደማይጎድል ነገርኋት። ያንቺም ፍቅር በጣሳ ስላልተቀመጠ አይጎድልም።

ለሙት ዓመትሽ ገነት ከመደቡ የተሻለውን ዛላ መርጣ አዲስ በርበሬ አዘጋጀች። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ በየዓይነቱ ቀረበ፤ ቅባቱን ቀነስን፣ አረቄም አላቀረብንም። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ በልቶ ሲጨርስ ግን ነፍስሽን ይማር ብሎ ሄደ። ገነት ወጡን ቀምሳ የእናቴን አይመስልም አለችኝ። ልዋሽልሽ አልችልም፣ አይመስልም። ያንቺን ጣዕም ዳግመኛ በዚህ ምድር አንቀምሰውም።

እንግዲህ ቃሌን ተቀበይኝ። በቅዳሴ ሙታን ሲታሰቡ ወለተ ሥላሴ ብዬ ስምሽን እጠራለሁ። አዲስ ዛላ ወደ መደብሽ በመጣ ጊዜ ለቤት የሚሆነው እፍኝ ከንጹሑ ይነሣል፤ የሻገተው ግን በገዢም በእኛም ማዕድ አይቀርብም። ማርታ አድጋ አያቴ ምን ዓይነት ሰው ነበረች ብላ ብትጠይቀኝ፣ ለሰው ሁሉ ንጹሑን የሰጠች ሴት ነበረች እላታለሁ። ከዚያም ለራሷ ያላስቀረችው ይኸው ነው ብዬ ከንጹሑ በርበሬ የተሠራውን ወጥ በሳህን ወደ ልጅቱ አስጠጋለሁ።

ባለቤትሽ